ምዕራፍ ስድስት፦ ልጁን ማን ያሳድግ፣ ንብረቱን ማን ይያዝ?

ባለፈው ምዕራፍ እንደታየው፣ አንድ ሰው ሳይናዘዝ ቢሞት ንብረቱ ባለቤት አጥቶ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የውርስን ጉዳይ የሚገዛው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሾችን በየደረጃቸው ያስቀምጣል፤ በመጀመሪያው ደረጃ የሚገኙት ልጆች ሲሆኑ የሚካፈሉትም እኩል ነው፤ ወንድ ከሴት፣ በጋብቻ የተወለደ ከጋብቻ ውጭ ከተወለደ፣ የአብራክ ክፋይ ከጉዲፈቻ ልጅ አይበላለጥም። አባቱ ሲሞት ገና በእናቱ ማሕፀን የነበረ ፅንስ እንኳ በሕይወት ተወልዶ 48 ሰዓት ከኖረ እንደተወለደ ተቆጥሮ ይወርሳል። ልጅ እስካለ ድረስ የሟች ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ከውርሱ ድርሻ የላቸውም።

ይህን የሰሙ ብዙ ወላጆች «እንግዲያስ ኑዛዜ ለምን ያስፈልጋል? ያለን ሁሉ ለልጆቻችን መሆኑ አይቀርም» ይላሉ። አባባሉ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ። ሕጉ ንብረቱን እስከ ልጁ ደጃፍ ያደርሰዋል፤ የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ደጃፉ ላይ የቆመለትን ንብረት ወጥቶ ሊረከብ፣ የቤት ኪራይ ሊሰበስብ፣ ባንክ ሄዶ ሊፈርም፣ የአባቱን ዕዳ ከጠያቂው ጋር ሊተሳሰብ አይችልም። ከወላጅ ሞት አንሥቶ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ያለውን ጊዜ በስሙ የሚቆም፣ እሱንም የሚያሳድግ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌላው ሰው ሲናዘዝ የሚያስበው «ምኔን ለማን ልተው?» ብሎ ቢሆን፣ ትንንሽ ልጆች ያሉት ወላጅ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ልጆቼን ለማን ልተው?» የሚለውን ነው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

ባለቤትነትና ቁልፍ

የነገሩን ሥር ለማየት አንድ የገጠር ምሳሌ ይረዳል። ጉልበቱ የደከመ ገበሬ ማሳውን ለእኩል አራሽ ቢሰጥ፣ አራሹ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፤ ማሳው ግን የአራሹ አይሆንም፤ ገበሬውም ሞፈር ባለመጨበጡ ባለይዞታነቱን አያጣም። የማሳው ባለይዞታና ማሳውን የሚሠራበት ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይኖራሉ። የሕፃን ወራሽም ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፦ ልዩነቱ ገበሬው አራሹን ራሱ መርጦ መቅጠር ሲችል፣ ሕፃኑ ግን የሚሠራለትን ሰው የመምረጥ አቅም የሌለው መሆኑ ነው። ወላጁ በሕይወት ሳለ ካልመረጠለት ሌላ ሰው ይመርጥለታል።

ሕግ ይህን ልጅ «አካለ መጠን ያልደረሰ» ይለዋል፤ ትርጉሙ 18 ዓመት ያልሞላው ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ እንዲህ ላለው ልጅ አንድ ሳይሆን ሁለት ጠባቂ ያቆምለታል። አንደኛው አሳዳሪ ይባላል፤ ተግባሩ የልጁን አካልና መንፈስ መጠበቅ ነው፤ የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚማር፣ ሲታመም የት እንደሚታከም የሚወስነው እርሱ ነው። ሁለተኛው ሞግዚት ይባላል፤ የልጁን ንብረት የሚያስተዳድረው፣ በልጁ ስም የሚፈርመው፣ የሚከሰውና የሚከራከረው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ምክንያቱም የሕጉ ቃልና የቤቱ ቃል ይጋጫሉ። በተለምዶ «ሞግዚት» ሲባል ሕፃን የምታዝል፣ የምታበላ፣ የምታስተኛ ሴት ትታሰባለች፤ በሕጉ ቋንቋ ግን ሞግዚት ማለት በቀጥታ የገንዘብና የንብረት ጠባቂ ነው፤ የማብላቱና የማስተኛቱ ሥራ የአሳዳሪው ነው። አንድ አባት በኑዛዜው ላይ «እህቴን ሞግዚት አድርጌያለሁ» ብሎ ሲጽፍ ልጁን እንድታሳድግለት አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ የሚናገረው ግን ንብረቱን እንድትይዝ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቃላት በየራሳቸው፣ ለማን እንደተሰጡ በግልጽ መጻፍ አለባቸው።

የዕድሩ ገንዘብ ያዥ

ሁለቱን ሥራዎች አንድ ሰው ደርቦ ሊይዛቸው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ለምን ለይቶ እንደሰየማቸው ማሰብ ይጠቅማል፤ ለዚህም ከማንኛውም የሕግ መጽሐፍ ይልቅ የሰፈር ዕድር ጥሩ አስተማሪ ነው። ዕድር ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳኑንና ድስቱን የሚጠብቅ ዕቃ ያዥ አለው። ለቅሶ ቤት ቀድማ ደርሳ እንጀራ የምትጋግር፣ ሐዘንተኛውን ደግፋ የምታስቀምጥ፣ ሌሊቱን ሁሉ የማትተኛ ሴት የዕድሩን ደብተርና ካዝና ስላልያዘች ማንም አያማትም፤ ገንዘብ ያዡም ወጥ መሥራት ስላልቻለ ከኃላፊነቱ አይነሣም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ርኅራኄና የሒሳብ ጥንቃቄ ሁለቱም መልካም ናቸው፣ በአንድ ሰው ላይ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም፤ በሚገኙበትም ጊዜ ቢሆን ገንዘቡን የሚይዘውና ወጪውን የሚያዘው የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ሁለቱም ከሐሜት ይድናሉ።

ልጅንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። የሴት አያት ፍቅር ለአምስት ዓመት ሕፃን ከምንም በላይ ያስፈልገዋል፤ ግን አያቲቱ ሰባ ዓመት ከሆናቸው፣ ማንበብና መጻፍ ካልቻሉ፣ ወይም «እምቢ» ማለት የማይሆንላቸው ለስላሳ ሰው ከሆኑ፣ የኪራይ ቤቱን ውልና የባንክ ደብተሩን ጭምር በእርሳቸው ላይ መጫን እርሳቸውን ለዘመድ ብድር ጠያቂ ማጋለጥ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አያትን አሳዳሪ፣ ሒሳብ የሚያውቀውን አጎት ደግሞ ሞግዚት አድርጎ መሰየም ይቻላል፤ አጎቱ ለልጁ ቀለብ፣ ልብስና ትምህርት የሚሆነውን ገንዘብ እያወጣ ለአያቲቱ ይሰጣል፤ ቀሪውን ይጠብቃል። ለሁለቱም ክብር አለው፤ ለልጁም ሁለት ዓይን ይሆንለታል።

አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ ሁለት ልጆች

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ባልና ሚስት በጋብቻቸው ዘመን አንድ የጋራ መኖሪያ ቤት ገዙ እንበል፤ ዛሬ 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ ሰባትና ሁለት ዓመት የሆናቸው ልጆችም አሏቸው። ሚስት ሳትናዘዝ ሞተች። በሁለተኛው ምዕራፍ እንደተገለጸው፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው፤ ስለዚህ የቤቱ ግማሽ፣ 2 ሚሊዮኑ፣ የባልየው የራሱ ድርሻ እንጂ ውርስ አይደለም። ውርስ የሚባለው የሚስት ግማሽ ብቻ ነው። ይህ ግማሽ ለማን ይሆናል? ብዙ ሰው «ለባሏ» ብሎ ይመልሳል፤ ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለም። 2 ሚሊዮኑ ለሁለቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ማለት ነው።

በዚህ የተነሣ አባትየው ከሁለት ሕፃናት ጋር የቤት ባለድርሻ ሆኖ ያድራል። እርሱ በሕጉ ብቻውን አሳዳሪም ሞግዚትም ስለሚሆን ልጆቹን ለማሳደግ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቤቱን ሸጦ ወደ ሥራ ቦታው ቅርብ የሆነ ሌላ ቤት ልግዛ ሲል ግን የልጆቹ ድርሻ የማይንቀሳቀስ ንብረት ስለሆነ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዳኛው የሚጠይቀው «ሽያጩ ለልጆቹ ይጠቅማል ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አባትየውን ለመጠርጠር የተፈጠረ ሳይሆን የሁለት ዓመቷ ልጅ ራሷ ልትጠይቀው የማትችለውን ጥያቄ ስለ እርሷ የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር የተደረገ ጥበቃ ነው፤ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ግን ከብዶ ይሰማዋል፤ አስቀድሞ ያወቀው ሰው ቢያንስ አይደነግጥም።

ሚስት ተናዝዛ ቢሆን ለባልዋ የተወሰነ ስጦታ ልትተው ትችል ነበር። ልጆቿን ግን ያለ በቂና የተገለጸ ምክንያት ከውርስ ልትነቅል አትችልም፤ በኑዛዜው ላይ ስማቸውን ሳትጠቅስ ዝም ማለቷም እንደ መንቀል አይቆጠርም።

የመጨረሻው ወላጅ ቃል

ከወላጆች አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። የኑዛዜ ትልቁ ሥራ የሚመጣው ሁለተኛውም ወላጅ ሲሞት ነው፤ ሕጉ ከሁለቱ በመጨረሻ ለሚሞተው ወላጅ የልጆቹን አሳዳሪና ሞግዚት በኑዛዜ የመሰየም ሥልጣን ይሰጠዋል። ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚሞት የሚያውቅ ግን የለም፤ አንድ መኪና ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም ባልም ሚስትም በየበኩላቸው መጻፍ አለባቸው።

«በየበኩላቸው» የሚለው ቃል ተራ ምክር አይደለም። ተፋቅረው የሚኖሩ ባለትዳሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ «እኛ፣ አቶ እገሌና ወይዘሮ እገሊት…» ብለው ጽፈው አብረው ይፈርማሉ፤ ሕጉ ግን ኑዛዜን የአንድ ሰው የግል ሥራ ስለሚያደርገው ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ ያደረጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። አሳባቸው አንድ ይሁን፤ ወረቀታቸው ግን ሁለት።

ወላጅ ካልሰየመ፣ ሕጉ ወደ ዘመድ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ወደ አያቶች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ወደ ደረሱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም ወደ አጎቶችና አክስቶች፤ ይህም ባይሳካ ፍርድ ቤት ይሾማል። ቅደም ተከተሉ ምክንያታዊ ነው፤ ነገር ግን የሕጉ ዝርዝር የትኛዋ አክስት ልጁን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት እንደምታደርሰው፣ የትኛው አጎት ደግሞ በዓመት አንዴ ለፋሲካ ብቻ እንደሚመጣ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ወላጅ ነው። ከዚህም በላይ ዝርዝሩ ዘመድ ብቻ ያያል፤ ልጁን ከማንም ይበልጥ የምታውቀው የክርስትና እናቱ ወይም ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤት ከሆነች፣ እርሷን ሊያስገባት የሚችለው የኑዛዜው ቃል ብቻ ነው።

የሚሰየመው ሰው አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል፤ ምትክም ሊታሰብ ይገባል፤ «እርሷ ባትችል ወይም ባትፈቅድ እገሌ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ልጁን ከአንድ ሙሉ የፍርድ ቤት ክርክር ሊያድነው ይችላል።

ወረቀቱ እንዴት ይጻፋል?

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ ወይም ሌላ ሰው ተናዛዡ እንደተናገረው የሚጽፈው ሆኖ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ወዲያውም ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፤ በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» ወደሚባለው መሥሪያ ቤት መሄድ ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚጥል አንድ ትንሽ ነገር አለ፦ ኑዛዜው በምስክሮች ፊት መነበቡና ቀኑ በራሱ በወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ «ተነብቦልን» የሚለው ቃል ከወረቀቱ ከጎደለ የአራት ሽማግሌ ፊርማ ቢኖርም ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር ባይሆንም ይመረጣል።

ሁለተኛው ዓይነት በተናዛዡ እጅ ጽሑፍ የሚደረግ ነው። ምስክር አይፈልግም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም ቀንና ፊርማ መያዝ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው። «ኑዛዜ» የሚለው ቃል በአማርኛ የንስሐንም የውርስንም ቃል ይሸፍናል፤ ሥሩ በግዕዝ «ናዘዘ»፣ አጽናና ማለት ነው። የነፍስ አባት በአልጋ ራስጌ ተቀምጠው ነፍስንም ንብረትንም አንድ ላይ ያደምጡ ከነበረበት ልማድ የተነሣ ብዙ ሰው ዛሬም ኑዛዜን ከሞት አልጋ ጋር ያያይዘዋል፤ ጤነኛ የሠላሳ ዓመት ወላጅ ኑዛዜ ልጻፍ ቢል ዘመድ «ምን ታመመ?» ብሎ ይሳቀቃል። የሕጉ መልስ ግን ቁርጥ ያለ ነው። በቃል ኑዛዜ ማድረግ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት መናገር፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችን መተውና ለልጆች አሳዳሪና ሞግዚት መሰየም ብቻ ነው። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን የዚያን ያህል ዋጋ የለውም። የልጆቹ ጠባቂ ግን ያኔም ዛሬም በቃል ሊሰየም ይችላል። ሕግ አውጪው ስለ ገንዘብ በቃል የሚነገረውን እንዲህ አጥብቆ ገድቦ ሳለ ስለ ልጆች ለሚነገረው ቃል በሩን ክፍት መተዉ ሊስተዋል የሚገባ ነገር ነው። ሆኖም ተናዛዡ ተሽሎት ከሦስት ወር በላይ በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜው ዋጋ ያጣል።

ኑዛዜም ያረጃል

በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ይህን ሕግ የትንንሽ ልጆች ወላጆች ከሌላው ሰው ሁሉ ይበልጥ ሊያስታውሱት ይገባል፤ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳለ ጽፈው በቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡት ወረቀት ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው፣ ከማንም ይበልጥ በሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ማንም ሳያስተውለው ባዶ ወረቀት ሆኖ ይገኛል።

ሌላም ኑዛዜን የሚያስረጅ የደስታ ምክንያት አለ፤ እርሱም ልጅ መውለድ ነው። ኑዛዜው ከተጻፈ በኋላ ሌላ ልጅ ተወልዶ ውርሱን ከተቀበለ፣ በኑዛዜው የተተዉት ስጦታዎች በመሠረቱ ይወድቃሉ። እንዲሁም ባልና ሚስት ከተፋቱ አንዱ ለሌላው የተወው ስጦታ ይቀራል። እንግዲህ ኑዛዜ እንደ ልጅ ጫማ ነው፤ ልጁ ባደገ ቁጥር መለካት አለበት፤ አዲስ ልጅ ሲመጣ ደግሞ አዲስ ይገዛል።

ከውርሱ ውጭ የሚያልፍ ገንዘብ

ወላጅ የሚተወው ሁሉ በኑዛዜ አይሄድም። ተጠቃሚው በስም ተጠቅሶ የተገባ የሕይወት መድን ገንዘብ ከውርሱ ሀብት አይቆጠርም፤ በሞት ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል ጡረታም በራሱ ሕግ ይሄዳል። ስለዚህ በመድን ውሉ ላይ የተጻፈው ስም ከኑዛዜው ቃል ይበልጣል፤ ከጋብቻ በፊት በወንድም ስም የተሞላ ቅጽ ካለ ዛሬ ሊታይ ይገባዋል። የገጠር መሬት ይዞታም በየክልሉ የመሬት ሕግ ይመራል። ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በዚህ ምዕራፍ ከቤተሰብ ሕጉ የተወሰደው በቀጥታ የሚመለከተው አዲስ አበባንና ድሬዳዋን ነው፤ በሌላ ቦታ የሚኖር ወላጅ የክልሉን ሕግ ጭምር ማየት አለበት። ሙስሊም ወላጆች ደግሞ ወገኖቹ ከተስማሙ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ በዚያም የትዳር ጓደኛ ወራሽ ስለሆነ ከላይ የተሰጠው ስሌት ይለወጣል።

ውክልና ከሞት በኋላ

በዐረብ አገሮች የሚሠሩ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ለእናታቸው ወይም ለእህታቸው በአደራ ትተው ይሄዳሉ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩም አገር ቤት ያለ ቤታቸውን ለወንድም ውክልና ሰጥተው ያስተዳድራሉ። ውክልናው በአግባቡ ተጽፎ፣ በኤምባሲ ተረጋግጦ ሊሆን ይችላል፤ ሰውም በእጁ ይዞት ስለሚኖር እንደ ኑዛዜ ይተማመንበታል። ነገር ግን በሕጉ መሠረት የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና በወካዩ ሞት ያበቃል። ተወካዩ ያን ቀን ጠዋት ኪራይ የተቀበለበት ወረቀት ከሰዓት በኋላ ዋጋ የለውም። ውክልና በሕይወት ያለ ሰው የተዋሰው እጅ ነው፤ ሰውየው ሲሞት እጁም ይመለሳል። ለዚያ ቀን የሚያገለግለው ሌላ ወረቀት ነው፤ አያቲቱም ልጁን ያሳደጉት እርሳቸው መሆናቸውን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት እንዳይንከራተቱ እናቲቱ ከመሄዷ በፊት አሳዳሪነታቸውን በኑዛዜ ልትጽፍላቸው ትችላለች። ልጁ አባት ካለው ግን ቀዳሚው እርሱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በውጭ አገር ለሚኖሩት ልጆች ደግሞ አሳዳሪ የሚሰየመው በዚያው አገር ሕግ ስለሆነ እዚያም ሌላ ኑዛዜ ያስፈልጋል።

18 ዓመት ሲሞላ

ልጁ 18 ዓመት በሞላው ቀን የሞግዚቱ ሥልጣን ያበቃል፤ ሒሳቡንም ያስረክባል። ጥሩ ሞግዚት ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ለዚህ ቀን ይዘጋጃል፦ ሲረከብ ምን እንደተረከበ በዝርዝር ያጽፋል፤ የልጁን ገንዘብ ከራሱ ገንዘብ ለይቶ በልጁ ስም ባንክ ያስቀምጣል፤ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ደረሰኝ፣ የኪራዩን ውል፣ የግብሩን ወረቀት በአንድ ፋይል ያኖራል። አባቱን ከነመልኩ የማያስታውስ ወጣት አንድ ቀን ይህን ፋይል በጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያገላብጥ፣ ከታች በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያገኘው በአባቱ እጅ የተጻፈውን፣ «ልጄን የሚያሳድግልኝ» ብሎ የሚጀምረውን ዐረፍተ ነገር ነው።